ዳዊት የሚጻፍበት ቤት፦ አንድ ሳምንት በጎጃም

አጎቴ ስልክ የሚደውሉልኝ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ። በጥቅምት መጨረሻ ድንገት ሲደውሉ ደነገጥኩ። ክፉ ወሬ ግን አልነበረም። "የመጨረሻዋን ዳዊት ልጨርስ ነው። መቶ ሠላሳኛውን መዝሙር አልፌያለሁ። ሳይጠረዝ ናና እይ" አሉኝ። ቀጠሉና፣ "ስትመጣ የማንበቢያ መነጽር ያዝልኝ። ዓይኔ ከመስመር እየወጣ አስቸገረኝ" አሉ።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ከደብረ ኤልያስ ወዲያ፣ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በምታስኬድ መንደር ይኖራሉ። ገበሬ ናቸው፤ መጽሐፍ በብራና ላይ በእጅ የሚጽፉ ቁም ጸሐፊም ናቸው። ለአምስቱ ልጆቻቸው ለየአንዳንዳቸው አንድ ዳዊት በብራና ሊጽፉ ተስለው ነበር። አራቱ አልቀዋል። አምስተኛው የትንሿ ልጅ ነው። እኔ ዳዊት የማነበው በስልኬ ነው፤ ያውም ታክሲ ስጠብቅ። የሳምንት ፈቃድ ጠየቅኩና ለኅዳር ተነሣሁ። ዘመኑ 2012 ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 8፦ ዓባይ በረሃ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት አውቶቡስ ተራ ነበርኩ። እስከ ደብረ ማርቆስ 190 ብር። ጎሐ ጽዮን ላይ ቁርስ ተበላ፤ እንቁላል ፍርፍርና ሻይ 50 ብር። ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ።

የዓባይን በረሃ ስንት ጊዜ ባየው አይሰለቸኝም። ከደጋው ብርድ ተነሥተህ ከ1000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ጋቢህን ታወልቃለህ፣ ቀጥሎ ሹራብህን፣ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ተለጥፏል። በጃፓን ርዳታ የተሠራውን አዲሱን ድልድይ ተሻግረን ወደ ደጀን መውጣት ስንጀምር አውቶቡሱ ፈላ። ረዳቱ ድንጋይ ከጎማው ሥር አደረገ። ሁላችንም ወረድን። አንድ ሰዓት ከግማሽ እዚያ ሐሩር ላይ ቆየን። አንዲት እናት ከዘንቢላቸው ዳቦ ቆሎ አውጥተው ለሁላችን አደሉ። "ብሉ ልጆቼ፤ የመንገድ ነገር አይታወቅም" አሉ። አርባ ሰው ከአንድ ከረጢት በላ።

ችግሩ ሌላ ነበር። ሰው ሲወርድና ሲወጣ ከመቀመጫዬ ሥር ያለውን ቦርሳ ረግጦታል። ከፍቼ ሳይ የአጎቴ መነጽር አንድ እጁ ተሰብሯል። መስታወቱ ተርፏል። ያን ያህል መንገድ ሄጄ የተሰበረ መነጽር ይዤ ልግባ? ደጀንን፣ ሉማሜን፣ የደረሰውን ወርቅማ ጤፍ ሁሉ ሳላየው አለፍኩ ማለት ይቻላል።

ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ወደ 10 ሰዓት ሆኗል። አልጋ በ150 ብር ያዝኩ። ሙቅ ውኃ አለ ተብዬ ነበር፤ የለም። ወዲያው መነጽር የሚጠግን ፍለጋ ወጣሁ። ያገኘሁት ሰዓት ጠጋኝ ነው። መንገድ ዳር በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ሽማግሌ። አገላብጦ አየው፤ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ፣ ጫፉ ቆዳ እንዳይወጋ ክር ጠመጠመበት። "ለማነው?" አለኝ። "ለቁም ጸሐፊ" አልኩት። 30 ብር ሊቀበለኝ የነበረውን 10 ብር አደረገው። "ስሜን ባያውቁትም በጸሎት ያስቡኝ" አለ።

ማታ ወደ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከተማዋ መንቆረር መባሏ ቀርቶ ደብረ ማርቆስ የተባለችው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ባሠሩት በዚህ ደብር ነው። በሩን ተሳልሜ ተመለስኩ። እራት ሽሮ በቅቤ፣ 50 ብር። እንጀራው ግን! አዲስ አበባ ጤፍ እየተባለ የምንበላው ነገር ምን እንደሆነ ሰው ጎጃም ሲበላ ነው የሚገባው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፦ ደብረ ኤልያስ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅን። 55 ብር፤ መንገዱ ጠጠር፤ አቧራው በመስኮት ይገባል። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ነው። ገና ከመኪና ስንወርድ ደበሎ የለበሱ፣ አኩፋዳ ያነገቱ የቆሎ ተማሪዎች በረድፍ ሲያልፉ አየሁ። አንዱ ከአሥር ዓመት አይበልጥም።

የአጎቴ ታላቅ ወንድ ልጅ በቅሎ ይዞ ይጠብቀኝ ነበር። እኔ በእግሬ ልሂድ አልኩ፤ በቅሎዋ ስኳሩን፣ ቡናውንና ሳሙናውን ተሸከመች። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፍ ይታጨዳል። አጫጆቹ ቀና እያሉ "እንደምን ዋላችሁ" ይሉናል። አዲስ አበባ በአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ስንት ሰው ሰላም ይለኛል? ጎረቤቴ እንኳ በሊፍት ውስጥ ስልኩን ነው የሚያየው።

አጎቴ ከግቢው በር ላይ ቆመው ነበር። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል አነሡኝ። ሦስቴ ሳሙኝና መጀመሪያ የጠየቁት ስለ እናቴ ነው፤ "እታለም ደኅና ናት?" ቀጥለው፣ "መነጽሩስ?" ሰጠኋቸው። ስለ ሽቦው ነገርኳቸው። አድርገውት የገዛ መዳፋቸውን አዩ። "መስመሮቼ ሁሉ ታዩኝ" አሉ።

ትንሿ ልጅ እግሬን አጠበችኝ። ዶሮ ታርዶ ነበር። የአጎቴ ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ "በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ አንዲት ብቻ" እያሉ ያጎረሱኝን ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ቤቱ ውስጥ ዳዊት በየቀኑ ይጸለያል። ድርሻው የታወቀ ነው፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ እንዲህ እያለ ቅዳሜ 150 ላይ ይደርሳል። ጠዋት የጀመሩትን ማታ ይጨርሳሉ። ዕለቱ ማክሰኞ ስለነበረ 44ኛው መዝሙር ላይ ደረሱ። አጎቴ ንባቡን አቁመው ለእኔ በአማርኛ አሉልኝ፤ "አንደበቴ እንደ ፈጣን ጸሐፊ ብርዕ ነው።" ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩና፣ "ልብ አድርግ። ፈጣን የተባለው አንደበት ነው። እጅ የፈጠነ ቀን ብራና ይበላሻል" አሉኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፦ ፍየልና ጥቀርሻ

ዛሬ ጾም ነው፤ እስከ 9 ሰዓት እህል የለም። አጎቴ ግን ከማለዳ ጀምሮ ሥራ ላይ ናቸው። የቀሯቸው ጥቂት የብራና ቅጠሎች ስለሆኑ የመጨረሻዋን ቆዳ ሊፍቁ ነው።

የፍየል ቆዳ በዚያን ጊዜ ገበያ 15 ብር ነበር። ድሮ ነጋዴ የሚሻማበት ቆዳ ዛሬ ውሻ ይጎትተዋል ይላሉ፤ ለእሳቸው ግን በጀ። ቆዳው ሦስት ቀን ውኃ ውስጥ ተነክሮ ቆይቷል። ሽታውን አልነግራችሁም። ዙሪያውን ይበሱታል፤ በየቀዳዳው ገመድ አስገብተው ከአራት እንጨት በተሠራ መወጠሪያ ላይ እንደ ከበሮ ይወጥሩታል። የሥጋው ወገን እርጥቡን ይፋቃል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ሲደርቅ የጠጉሩ ወገን ትንሽ መጥረቢያ በምትመስል ስለት ይላጫል። እዚህ ላይ ነው ጭንቁ። ስለቷ ትንሽ ከጠለቀች ቆዳው ይቀደዳል። እኔ እንድሞክር ሰጡኝና ከሁለት ምት በኋላ ራሴው መለስኩላቸው። መጨረሻ በድንጋይ ይፈተጋል። ፀሐይ ከኋላው ሆና ሳየው ጣቶቻቸው በማዶ በኩል ይታዩኛል።

አንድ ቆዳ ለዚህ ዳዊት አራት ቅጠል ይወጣዋል አሉኝ። መጽሐፉ ወደ 160 ቅጠል ነው። አርባ ፍየል ማለት ነው። ከዚያ በወስፌ ጠርዙ ላይ ነጠብጣብ ይወጋል፤ በነጠብጣቡ ልክ በደነዘዘ ብረት ይሰመራል። መስመሩ ቀለም የለውም፤ ጎድጓዳ ነው። በጣቴ ስዳብሰው ተሰማኝ።

ቀለሙ የእትዬ ድርሻ ነው። እትዬ ማንበብም መጻፍም አይችሉም። ጥቁሩን ቀለም ግን ያለ እሳቸው ማንም አይነካውም። ከምጣድ ሥር የተፋቀ ጥቀርሻ፣ አርሮ የተፈጨ ገብስ፣ ሙጫ፣ ውኃ። በገንቦ ውስጥ ወራት ይቆያል። በየማለዳው እያማሰሉ፣ ውኃ እየጨመሩ ያዘልቁታል። "እንደ ጠላ ነው፤ ከተውከው ይቀየምሃል" አሉኝ። የዘንድሮው ያለፈው ዓመት ጥር የተጣለ ነው። ቀዩ ግን ከከተማ የሚመጣ ዱቄት ነው።

9 ሰዓት ላይ ተልባና ሽሮ በላን። ከተራበ ሰው በላይ የሚያጣጥም የለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፦ ጨረቃዋ

ስለ ዛሬ በዝርዝር ልጻፍ፤ የሄድኩት ለዚህች ቀን ነውና።

አጎቴ ጠረጴዛ የላቸውም። ደጅ፣ ከዋንዛው ጥላ ሥር፣ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ብራናው ጉልበታቸው ላይ ነው። ሁለት የበሬ ቀንድ መሬት ላይ ተተክሏል፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ። ሁለት ብዕር አለ፤ ሁለቱም ከመቃ የተቀረጹ። ጥቁሩ ቀይ ቀንድ ውስጥ አይገባም። የእግዚአብሔር ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል። ከመጀመራቸው በፊት አማተቡና አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። ከዚያ ቃሉን መጀመሪያ በአፋቸው ይሉታል፤ ቀጥሎ እጃቸው ይከተላል። ፊደሉ አይቀጠልም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል። አንድ "ሐ" ለመጻፍ ሦስቴ ብዕር አነሡ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የጻፉትን ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ መስመር።

ዳዊት እንደ ሌላው መጽሐፍ በሁለትና በሦስት ዓምድ አይጻፍም። በአንድ ዓምድ ነው፤ አንዱ ስንኝ በአንድ መስመር። አሥር መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል። በየንጉሡ መጨረሻ አጎቴ ትንሽ ሐረግ በቀይና በጥቁር ይስላሉ። አሁን የደረሱት 135ኛው ላይ ነው፤ "ግነዩ ለእግዚአብሔር እስመ ኄር፤ እስመ ለዓለም ምሕረቱ።" ይህ መዝሙር ልዩ ነው። ስንኙ ሁሉ የሚያልቀው "እስመ ለዓለም ምሕረቱ" እያለ ነው። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት መጨረሻ።

ማታ ከእራት በኋላ የቤቱ ሁሉ ተራ ነው። አጎቴ ቀን በብራና የጻፉትን ልጆቹ በደብተር ይገለብጣሉ። ተራ የትምህርት ቤት ደብተር፣ ተራ ቢክ፤ ጥቁርና ቀይ። ታላቁ ጎበዝ ነው፤ ፊደሉ የአባቱን ሊመስል ምንም አልቀረው። ትንሿ ምላሷን ከንፈሯ ጫፍ ላይ አድርጋ ነው የምትጽፈው። የሶላር መብራት አለች፤ በአንዷ መብራት ዙሪያ ራስ ለራስ ተገናኝተን ተቀመጥን። ለእኔም ደብተር ተሰጠኝ። ግእዝ አነባለሁ፤ በእጄ ግን ጽፌ አላውቅም። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ወዲህ አማርኛም ቢሆን ከፊርማ በቀር በእጄ ስንት ጊዜ ጻፍኩ?

ስንጨርስ ንባብ ሆነ። ሁሉም የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ እትዬ ጥጥ እየፈተሉ ይሰማሉ። ተራዬ ደረሰ። ሰማያትን በጥበብ የሠራ፣ ምድርን በውኃ ላይ ያጸና፣ ለፀሐይ ቀንን ያስገዛ፣ እያልኩ ግብፅ ላይ ደረስኩ። እንዝርቱ ቆመ።

"ጨረቃዋስ?" አሉኝ እትዬ።

አልገባኝም። ደብተሬን አየሁ።

"ፀሐይን አልክ። ጨረቃዋንና ከዋክብቱን የት አደረስካቸው?"

ዘልያቸዋለሁ። ዓይኔ ከአንዱ "ምሕረቱ" ወደ ቀጣዩ "ምሕረቱ" ተንሸራትቶ ሌሊቱን ሙሉ ጥሎታል። ፊደል የማይለዩ ሴት፣ ግእዝ ያልተማሩ፣ በሠላሳ ምናምን ዓመት መስማት ብቻ መቶ ሃምሳውን መዝሙር በጆሯቸው ይዘውታል። ልጆቹ አልሳቁብኝም። ታላቁ፣ "እኔን ባለፈው ሳምንት ይዛኛለች" አለ። አጎቴም አልተቆጡም። "ቅዳሜ አንድ ነገር አሳይሃለሁ" ብለው ዝም አሉ።

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያ መጽሐፍ የአጎቴ ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ፍየሉን ያገደ ልጅ አለ፤ ጥቀርሻ የፋቁ እናት አሉ፤ የሚያርም ጆሮ አለ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፦ ሚካኤል

ኅዳር ሚካኤል። ብዕር አይነሣም። ሌሊት ማሕሌት፣ ከዚያ ቅዳሴ፣ ከዚያ ዝክር። በዓሉ ዓርብ ላይ ስለዋለ ድግሱ የጾም ነው፤ ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን፣ ጠላ። ጠላው ጠቆር ያለ፣ ጌሾው የበረታ ነው፤ ሁለት ዋንጫ በቃኝ።

አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት መምህር አጎቴን በአክብሮት ሞገታቸው። "የኔታ፣ ደብረ ማርቆስ የታተመ ዳዊት በ120 ብር ይሸጣል። አንድ ዓመት ሙሉ ለምን ይደክማሉ?" ጥያቄው የእኔም ነበር። እንዲያውም እኔ የማውቃትን ጨመርኩ፤ በግእዝ ፊደል መጀመሪያ የታተመው መጽሐፍ ዳዊት ነው፣ ሮም ላይ፣ በፈረንጆች 1513። ከታተመ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል አልኩ።

አጎቴ ይህን አልሰሙም ነበር፤ ደስ አላቸው። "ሮም? ዳዊታችን?" ብለው ደገሙት። ከዚያ ለመምህሩ እንዲህ አሉት፤ "የታተመውን እኔም አለኝ፤ መንገድ ስወጣ እይዘዋለሁ። ግን ልጄን እንጀራ ገዝቼ ማብላት እችላለሁ። እናቷ ለምን ትጋግራለች?" መምህሩ እንጀራ በእጁ እንደያዘ ዝም አለ። እኔ የእሳቸው ወገን ነኝ። የታተመውን ማንም አልነቀፈም። ነገር ግን 120 ብር ከፍሎ የገዛውን ሰው እትዬ "ጨረቃዋስ?" አይሉትም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፦ የአያቴ ዳዊት

በዚህ አገር ቅዳሜም ሰንበት ነው፤ አይታረስም፣ አይጻፍም። ይነበባል። ድርሻው ከ131 እስከ 150 ነው።

አጎቴ ከግድግዳው ላይ ማኅደር አወረዱ። ቆዳው ጠቁሮ፣ ማንገቻው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ውስጡ አያቴ ለራሳቸው የጻፉት ዳዊት ነው። የሽፋኑ ገበታ ዋንዛ ነው፤ አንዱ ጥግ ላይ የተሰነጠቀውን በጅማት ሰፍተውታል። የገጾቹ የታች ጥግ በአውራ ጣት ብዛት ቡናማ ሆኗል፤ 50ኛው መዝሙር ላይ ከሁሉም ይበልጥ።

135ኛው ላይ ሲደርሱ ጠሩኝ። "እዚህ ጋ" አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ፤ ሳያስፈልገኝ አደረግኩት። በሁለት መስመሮች መካከል ትንሽ የመስቀል ምልክት አለች። ወደ ኅዳጉ ስሄድ ያችው ምልክት ትደገማለች፤ ከጎኗ፣ ቀጠን ባለ ጽሕፈት፣ ቀይ ባሕርን የከፈለበት ስንኝ አለ።

"አባቴ ቀይ ባሕርን ዘለሉ" አሉ አጎቴ። "ያረሟቸው እናታቸው ናቸው። እኔ በሁለተኛው ልጅ ዳዊት አሞራውያንን ዘልያለሁ። እዚህች መዝሙር ላይ ሁሉም ሰው አንድ ነገር ይጥላል። ደብተርህን አምጣ፤ ነገ ሰንበት ሲወጣ ጨረቃዋን በኅዳግ ትጽፋታለህ።"

የመጨረሻው ቅጠል ላይ የተለመደው ጸሎት አለ፤ ለጸሐፊውም፣ ላስጻፈውም፣ ላነበበውም፣ ለሰማውም ምሕረት የሚለምነው። ከእሱ በታች ባዶ በነበረው ቦታ አያቴ የልጆቻቸውን ልደት ጽፈዋል። እናቴን ፈለግኩ። አገኘኋት፤ 1947፣ ዘመነ ሉቃስ፣ ሐምሌ 5። የቀበሌ መታወቂያዋ 1949 ይላል። ዕድሜዋን ሙሉ ቀኑን ሳታውቀው ኖራለች።

እሑድና ሰኞ፣ ኅዳር 14 እና 15፦ መመለሻ

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ጀሪካን ማር፣ አንድ ቋጠሮ በሶ ተጫነልኝ። አይሆንም ብል ማን ይሰማኛል። ደብረ ማርቆስ አደርኩ፤ ጨረቃዋን ማታ አልጋው ላይ ተቀምጬ፣ ምልክቷን አድርጌ፣ በኅዳጉ ጻፍኳት። ሰኞ ዓባይን ያለ ችግር ተሻገርን። የነቢያት ጾም የገባበት ቀን ስለሆነ ጎሐ ጽዮን ላይ ቁርስ የበላው ጥቂት ሰው ነው።

በቀጥታ እናቴ ቤት ሄድኩ። ማሩን ሳላስቀምጥ ስለ ልደቷ ነገርኳት። መጀመሪያ ዓመቱን በጣቷ ቆጠረች። "ስለዚህ ሁለት ዓመት ጨመርኩ" አለች። ከዚያ ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና፣

"አባቴ በቀይ ነው በጥቁር የጻፉት?" አለችኝ።

በስልኬ ያነሣሁትን ፎቶ አሳየኋት። ስሟ በጥቁር ነው። ሐምሌ 5 የጴጥሮስና የጳውሎስ ቀን ስለሆነ፣ እነሱ ብቻ በቀይ ናቸው።

"ደግ" አለች። "እንደዚያ ነው የሚጻፈው።"